በጽዋ የተሰፈረው ገብስ

በጥድ አምባ አገር፣ ሰውን ሊጎዳ የተነሣ ሳያውቀው ሲጠቅመው የታየ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎች ተያይተው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ፤ ከዚያም ይስቃሉ። ልጆችም ከእነሱ ሰምተው ይደግሟታል። ሳቁን ብቻ የሚያይ እንግዳ አባባሏ ከጨዋታ መሐል የተወለደች ይመስለዋል። አይደለም። የተወለደችው ከቁጣ ነው። ቁጣውም የደብሪቱ ጓንጉል ቁጣ ነበር።

ደብሪቱ ቁጣ የማታውቅ ሴት ትባል ነበር። ባሏ በወባ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማ ጎረቤት የለም። ሰው ሲያስቀይማት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። አገሩ ይህንን ትዕግሥት ይለው ነበር። ትዕግሥት እንዳልነበረ የታወቀው ኋላ ነው። ደብሪቱ የተባለችውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳትጥል ታስቀምጥ ነበር።

አባቷ አያ ጓንጉል የእስጢፋኖስ ማኅበርተኛ ነበሩ። ማኅበሩ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ አንድ ሰው ካልወጣ ሌላ ሰው አይገባም። በየወሩ የሰማዕቱ ዕለት፣ ባለተራው ጠላ ጠምቆ ዳቦ ጋግሮ ሌሎቹን ይቀበላል። ቄስ ይባርካል፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሰው ሊበተን ሲል ደግሞ ባለተራው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባል። ጽዋው ከወይራ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ትልቅ ዋንጫ ነው። አባት ሲሞት ቦታውን ልጅ ይወርሳል። ማኅበሩን መጀመሪያ ማን እንዳቆመው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ የጽዋው ጠርዝ ግን በስንት ትውልድ ከንፈር እንደ ብርጭቆ ለስልሷል።

ያ ጽዋ አንድ ጥብቅ ሥርዓት ነበረው፦ በውስጡ የገባ ነገር ሁሉ የሰማዕቱ ነው። ደብሪቱ ይህን የተማረችው በልጅነቷ ነው። ጽዋው ቤታቸው በነበረ ጊዜ ሽምብራ ሞልታበት ስትጫወት አባቷ ደረሱባት። አልተቆጧትም። ሽምብራውን አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ ለቅመው፣ በደጅ ያልፉ ለነበሩ የቆሎ ተማሪዎች ሰጡት። የዚያን ቀን እራታቸው ያው ሽምብራ ነበር።

"እኛስ ምን እንበላለን?" ብላ አለቀሰች።

"እግዜር ያውቃል" አሏት። ጦማቸውን አደሩ።

"እግዜር ያውቃል" የአያ ጓንጉል ቃል ነበረች። ዝናብ ሲዘገይም ይሏታል፤ በሬ ሲሞትም ይሏታል። ከእርሻቸው የሚመጣው ትንሽ ነው፤ ከትንሹም ላይ ለመንገደኛና ለለማኝ ይቆርሱለታል። ደብሪቱ አባቷን ትወድ ነበር። ያቺን ቃል ግን አትወዳትም። እያደገች ስትሄድ ያቺ ቃል በተባለች ቁጥር አንድ ነገር ከቤታቸው እንደሚወጣ አስተዋለች፤ ሲገባ ግን አላየችም።

ከዚያ የአንበጣው ዓመት መጣ። ሰማዩን ያጠቆረው አንበጣ የጥድ አምባን ገብስ ባንድ ከሰዓት በላው፤ ከአያ ጓንጉል ማሳ የተረፈው ገለባ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ አያ ጓንጉል ታመው ተኙ። ልጃቸው ቢተው፣ የደብሪቱ ታናሽ፣ እመደባቸው ሥር ተቀመጠ። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ጎተራው ባዶ ነበር።

"አባዬ፣ ምን ትተህልን ትሄዳለህ?" አለ።

"ጽዋዬን።"

"ጽዋ ይበላል እንዴ?" አለ ቢተው እንባው እየወረደ።

"ያበላል" አሉ አያ ጓንጉል። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ቃል የለም።

እነሆ ክረምት ገባ። የአያ ጓንጉል ቤት ተራ ሐምሌ ላይ ነበር፤ ከእነሱ በፊት፣ የሰኔ ባለተራ፣ ወንድይራድ ነበር። የጥድ አምባ ሰዎች የማኅበር አለቃን "ሙሴ" ይሉታል፤ ሙሴነቱም የወንድይራድ ነው። በአንበጣው ዓመት እንኳ ጎተራው ያልጎደለ፣ ቆላ መሬት ያለው፣ ድምፁ ከቅጥር ወዲያ የሚሰማ ሰው ነበር። በየዓመቱ ትልቁ በዓል ሲደርስ ቆሞ የማኅበሩን ሥርዓት በቃሉ የሚያወርደው እርሱ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ጎደለችው፤ አማቹን ማኅበር ማስገባት። በጥድ አምባ የድንበር ክርክር ሲነሣ የማኅበርተኛ ምስክርነት ይከብዳል፤ ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ከአንድ ቤት ቢሆኑ ደግሞ ማን ይችላቸዋል? ለዚያ ግን አንድ ሰው መውጣት አለበት።

በሰኔው ማኅበር ደብሪቱ ጽዋውን ልትረከብ ወንድይራድ ቤት ሄደች። ቢተው ሚስቱ ምጥ ይዟት አልመጣም። ነጩን ጨርቅ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በእጇ ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሊበተን ሲል ሙሴው አያት።

"ልጄ፣ ለምን ትቸገሪያለሽ?" አላት። "ዘንድሮ ተራችሁን እንለፍላችሁ።"

"አይለፉን" አለች በዝግታ።

"ምኑን ልትቀጂበት ነው? የጎመን ውኃ?"

አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ቄሱ መምሬ ላቀው መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሱ ጀመር፤ የሚያርሱት የወንድይራድን መሬት ነበርና በእሱ ላይ ለመናገር አፋቸው ይከብዳል።

"ጽዋው ለጊዜው እኔ ዘንድ ይቆይ" አለ ወንድይራድ። "እንመካከርበታለን።"

ደብሪቱ ባዶውን ጨርቅ እንደያዘች ወጣች። ነጠላዋን ወደ አፏ አልሳበችም። መንገድ ላይ ጨርቁን ዘርግታ መልሳ አጣጠፈችው፤ እንደገና ዘረጋችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። እጇ ሌላ ነገር እንዳያደርግ ያን ጊዜ ሥራ ያስፈልገው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ ለአረም ቆላ ወረደች፤ የሰው ማሳ እያረመች የሚሰጧትን ጥቂት ማሽላ ይዛ ቅዳሜ ከሰዓት ተመለሰች። ከቤቱ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ አየች። ገባች። ጉልቻው ላይ ድስት ተጥዷል፤ ውኃው ይፈላል። የቢተው ሚስት የሻረግ ከአራስ ልጇ ጋር መደቡ ላይ ተኝታለች። ከምሰሶው ሥር አንድ ሆዱ የተነፋ ስልቻ ቆሟል።

"ይህ ምንድን ነው?" አለች።

"ገብስ ነው" አለ ቢተው። እሳቱን ይቆሰቁሳል፤ ወደ እሷ አልዞረም። "ቆልቼ ፈጭቼ ለየሻረግ ገንፎ ልሠራላት ነው።"

"ከየት መጣ?"

"ተገኘ።"

"ቢተው፣ ከየት መጣ?"

"ከሙሴ ወንድይራድ።" መቆስቆሻውን አስቀመጠ። "ጠርቶኝ ሄድሁ። ጽዋውን ለቀቅሁለት፤ አማቹ ይገባበታል። አሁን ደስ አለሽ?"

ደብሪቱ ስልቻውን ብቻ አየች። ቢተው ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

"እኔ ወንዱ ነኝ፤ ወራሹ እኔ ነኝ" አለ። "ማንን ልጠይቅ ነበር?"

"የአባትህ አፈር ገና አልደረቀም።"

"አፈሩ ይቀቀላል? በይ ንገሪኝ፣ እታለም፣ ይቀቀላል? ሚስቴ ወተቷ ነጥፏል! ሕፃኗ ድምፅዋ እስኪጠፋ ስታለቅስ አንቺ ቆላ ነበርሽ። 'እግዜር ያውቃል' እያልኩ ልቅበራት?"

ይህን ሲል ደብሪቱ ልቧ ለሁለት ተሰነጠቀ። ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ራሷም ስንት ጊዜ ያሰበችው ነው። ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነበር። በወንድይራድ ተናደደች፤ የራበውን ሰው አይቶ የገበያ ቀን እንደደረሰለት ቆጥሮታልና። በቢተው ተናደደች። ባዶ ጎተራና አንዲት ቃል ትተው በሄዱት አባቷ ተናደደች። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለመናገር በሚያስፈራ ሁኔታ፣ ያውቃል በተባለው ላይ ተናደደች።

ወደ ስልቻው ሄዳ አፉን አየች። የታሰረበት ጠፍር አልተፈታም።

"ከውስጡ ወስደሃል?"

"ገና ልፈታው ነበር።"

"አትፍታው።"

"እታለም!"

"ነገ ሰንበት ነው። ከቅዳሴ በኋላ እመልስለታለሁ።"

ቢተው ወደሚፈላው ድስት አመለከተ። "ይህንን ውኃ ምን ላድርገው?"

ደብሪቱ ከቆላ ያመጣችውን ማሽላ ከመቀነቷ ፈትታ አጠገቡ አኖረችው። "ይህንን አልመህ ጨምርበት። ለነገ ይበቃል።"

"ከነገ ወዲያስ?"

አባቷ ይመልሷት የነበረችው ቃል እስከ ምላሷ ድረስ መጣች። ዋጠቻት። የሻረግ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ሁለቱንም አየች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደብሪቱ ያንን ጀርባ እስክትሞት አልረሳችውም።

በማግሥቱ ጠዋት ስልቻውን በጀርባዋ አዝላ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ተያያዘችው። ያካፋ ነበር፤ ጭቃው ያንሸራትታል። ቢተው ከኋላዋ ራቅ ብሎ ይከተላል፤ ልሸከምልሽ ለማለት አፈረ። ደብሪቱ እየተነፈሰች ትናገር ነበር፤ የምታናግረው ግን ቢተውን አልነበረም።

"ታውቃለህ ይሉህ ነበር" ትላለች። "ካወቅህ ዝም ያልኸው ለምንድን ነው? ካላወቅህ ደግሞ ያ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ ማንን ሲያምን ኖረ? ቁራሹን ላንተ ብሎ ሰጠ። ያለቀ ነጠላ ለብሶ ተቀበረ። እኔ ለራሴ አልለመንሁህም። ለሐምሌ ጽዋ የሚሆን ገብስ ለመንሁህ። ይኸው፣ ገብሱን ተሸክሜ ለጠገበ ሰው ልመልስ ነው። ይህ ነው የአንተ ማወቅ?"

ጸሎት ይሁን ጥል ለራሷም አልታወቃት። ስልቻው ይከብዳል። እያቃናችው ወጣች።

ቅዳሴ አብቅቶ ማኅበርተኞቹና መምሬ ላቀው ደጀ ሰላሙ ውስጥ፣ ከዝናቡ ተጠልለው፣ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። ደብሪቱ ገብታ ስልቻውን ወንድይራድ እግር ሥር ጣለችው። ዱብ አለ።

"ገብስዎን ይውሰዱ። የአባቴን ጽዋ ይመልሱ።"

ወንድይራድ ፈገግ አለ። "ልጄ፣ እዚህ የእግዜር ቤት ነው፤ ገበያ መሰለሽ? ወንድምሽ በፈቃዱ ለቋል። ምስክርም አለ።"

"ምስክሩ ማን ነው?"

"አማቼ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠ።

"ጽዋ አይሸጥም" አለች ደብሪቱ።

"ማን ገዛ? ተቸገሩ ሲሉኝ ረዳኋችሁ።"

"ርዳታ ከሆነ እግዜር ይስጥልን፤ ጽዋውን ይመልሱልን። ዋጋ ከሆነ ደግሞ ገብስዎ ያውልዎ፤ ጽዋውን ይመልሱልን።"

ሌሎቹ አሥሩ ማኅበርተኞች ወደ ወንድይራድ ተመለከቱ። ንግግሯ ወዲያም ወዲህም መውጫ አልነበረውም። ወንድይራድ ፈገግታው ጠፋ።

"ስሚ! የአባትሽ እምነት ምን አተረፈላችሁ? ርኃብ! ባዶ ቤት ውስጥ ጽዋ ምን ይሠራል? ሰማዕቱ አየር ሊጠጣ ነው?"

"አንተ!" አለች ደብሪቱ።

ደጀ ሰላሙ ተንጫጫ። በጥድ አምባ ሙሴን "አንተ" ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ያውም ሴት፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር። እሷ ግን ስንት ዓመት ያጠራቀመችው ነው፤ አንዴ አፉ ተከፍቷል።

"አንተ የአባቴን ስም በአፍህ አታንሣ! አባቴ ርቦት ሰጠ፤ አንተ ጠግበህ ነጠቅህ። አባቴ መንገደኛ ሲያይ በሩን ይከፍታል፤ አንተ የራበው ሰው ስታይ በሩን ታንኳኳለህ፣ የሚሸጠው ነገር እንዳለ ልትጠይቅ! አራሷ ጎረቤትህ ናት። እፍኝ ዱቄት መላክ አቅቶህ ነው? አልላክህም። እስክንሸጥልህ ጠበቅህ።"

የወንድይራድ ፊት ጠቆረ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ወደ ስልቻው ዞረ።

"ደግሞስ ይህ ሙሉ ነው? ከላዩ በልታችሁ ትራፊውን ነው የምትመልሱልኝ? ስፈሩልኝ! ቁና አምጡና እዚሁ ይሰፈር!"

እስካሁን በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ቢተው ይህን አልቻለውም። ሌባ መባል ሲጨመርበት ሞላ።

"አልተነካም!" ብሎ ጮኸ። "ጠፍሩ የርስዎ ቋጠሮ ነው፣ ይዩት! ደግሞ በቁና አይሰፈርም። መቼ በቁና ሰፈሩልኝ? ቁናውን ሰው ለዘር ተውሶታል ብለው አይደለም በጽዋው የሰፈሩልኝ? ራሱን ጽዋውን ያምጡና ይስፈሩ!"

የተቀመጡት ማኅበርተኞች ቀና ቀና አሉ።

እንደ ልማዳቸው መስቀላቸውን ይጠርጉ የነበሩት መምሬ ላቀው እጃቸውን አቆሙ። "በምን?" አሉ።

"በጽዋው፣ መምሬ" አለ ቢተው። ምን እንደተናገረ ገና አልገባውም። "ጽዋው ታጥቦ እንዲደርቅ እደጅ ተሰጥቶ ነበር። 'አባትህ ጽዋዬ ጽዋዬ ይል አልነበር? እንካ፣ በጽዋው ልስፈርልህ' አሉኝ። እየተረፈረፈ ነው የሰፈሩልኝ፤ እሱን አልዋሽም።"

ወንድይራድ እግሩን ከስልቻው አጠገብ ሰበሰበ። እንደዚያ ያደረገው ችኮላ ነበር፤ ደብሪቱ ከቆላ ሳትመለስ ነገሩን ሊጨርሰው ቸኩሎ ነበር። ቀልዱም ያን ጊዜ ጣፍጦታል።

መምሬ ላቀው ከተቀመጡበት ተነሡ። የሚያርሱት መሬት የማን እንደሆነ ትዝ ያላቸው ይመስል አንዴ ወንድይራድን አዩ። ከዚያ ግን ተናገሩ።

"ሙሴ፣ በየዓመቱ ሥርዓቱን የሚያሰማን ማን ነው?"

"እኔ... ነኝ።"

"እስኪ ስለ ጽዋው ያለውን አሰማን።"

"ይህ እኮ ሌላ ነው፣ መምሬ፤ ይህ..."

"አሰማን።"

"በጽዋው የገባ..." አለ ወንድይራድ። ያ ከቅጥር ወዲያ የሚሰማው ድምፅ ዛሬ ከጢሙ አላልፍ አለ።

"አልሰማንህም" አለ ከኋላ ያ ሳቁን በሳል የዋጠው ሰው።

የተቀመጡት ተቀባብለው ጨረሱለት፦ "በጽዋው የገባ ሁሉ የሰማዕቱ ነው! ያወጣው ውግዝ ይሁን!"

"እንግዲህ ይህ ገብስ" አሉ መምሬ ላቀው፣ ስልቻውን በመስቀላቸው እያመለከቱ፣ "የሙሴ አይደለም። የቢተውም አይደለም። የሰማዕቱ ነው። ስለዚህ ሽያጭ የሚባል ነገር አልተደረገም፤ ዋጋው ሳይከፈል በፊት የሌላ ሰው ሆኗልና። የሰማዕቱ እህል የሚገባው ደግሞ ለባለተራው ቤት ነው። የሐምሌ ባለተራ ማን ነው?"

"የጓንጉል ቤት" አሉ ብዙዎች ባንድ አፍ።

"ከጓንጉል ቤት ማን ይረከባል?"

ሰው ሁሉ ቢተውን አየ። ቢተው ፊቱን በክንዱ ጠረገ። "እኔ አንዴ ለውጬዋለሁ" አለ። "እጄ አይገባውም። እሷ ትረከብ።"

"ሴት ልጅ!" አለ ወንድይራድ።

"የሸጠው ወንዱ ነው" አሉ መምሬ ላቀው። "አንቺ ልጅ፣ ትረከቢያለሽ?"

የደብሪቱ ዓይን ስልቻው ላይ ነበር። ዳገቱን ሙሉ እግዜርን ስትወቅስ ጀርባዋ ላይ የነበረው ይኸው ነው። የለመነችውን ተሸክማ፣ አልሰጠኸኝም እያለች ወጥታለች። ሊያስቃት የሚገባ ነገር ነበር፤ አላሳቃትም።

"እረከባለሁ" አለች።

ያን ሳምንት ጎረቤት ሁሉ ወደ ጓንጉል ቤት ጎረፈ። አንዷ ጋን አመጣች፣ አንዷ የብቅል ትራፊ፣ አንዷ ከጓሮዋ የቀጠፈችውን ጌሾ። ደብሪቱ ገብሱን ቆላች፣ ፈጨች፣ ጠነሰሰች። ለጠላው የሚሆነውን ለየች፤ ለዳቦው የሚሆነውን ለየች። ለራሷ አፍ አንዲት ፍሬ አልጣለችም። ገብሱ በደረሰላት ማግሥትም መምሬ ላቀው መጥተው ከዱቄቱ ላይ በእጃቸው ዘገኑ፤ የማኅበሩ እህል ከሁሉ በፊት ለአራስና ለድኩም ይቆረሳል ብለው ለየሻረግ ገንፎ አስገነፉ። ቢተው ሚስቱ ስትበላ አይቶ ወደ ውጭ ወጣና አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ። ደብሪቱም ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ምን ብሎ ነበር አባዬ?" አላት።

"ያበላል ነው ያለው።"

ያቺ አራስ ቤት የነበረች ሕፃን ኋላ አድጋ ጽዋውን ከአክስቷ እጅ ተረከበች፤ ከእሷም ልጇ ተረከበ፤ የጓንጉል ቤት ተራ እስከ ዛሬ ሐምሌ ላይ ነው ይላሉ።

የሰማዕቱ ዕለት ደረሰ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ማኅበርተኞቹ አንድ በአንድ ገብተው ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ። ወንድይራድም መጣ፤ ሙሴ ከማኅበር ቀርቶ አያውቅምና መቅረቱ ነገሩን ያባብሰዋል። ሙሴነቱ ገና አልተወሰደበትም፤ ቢሆንም የሚቀመጥበት ቦታ ሲመርጥ ብዙ ቆየ።

መምሬ ላቀው ባረኩ። በሥርዓቱ ከቄሱ ቀጥሎ የሚቀዳለት ሙሴው ነው። ደብሪቱ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ቆመች። ፊቷ አልፈታም። ይቅርታ አደረገችለት የሚሉ ተራኪዎች አሉ፤ ያ ቀን ግን ይቅርታ አልነበረም። ቀዳችለት፤ ያ ብቻ ነው። ለሰማዕቱ ስትል ነው እንጂ ለእሱ ስትል አይደለም፤ እሱም አወቀው። ወንድይራድ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ በራሱ ገብስ የተጠመቀውን ጠላ ጎንጨት አለ፣ ዋጠ። ቤቱ ሁሉ ሲውጥ ያያል።

ጽዋው ዞሮ ዞሮ አያ ድንበሩ ዘንድ ደረሰ። አያ ድንበሩ ከአሥራ ሁለቱ በዕድሜ ትልቁ ናቸው፤ ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል። ያን ሰንበት ደጀ ሰላሙ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠው፣ ሰው ሲንጫጫ አይተው፣ ስለ ዝናቡ የሚያወራ መስሏቸው ነበር። ጠላውን ቀመሱ፤ ደገሙ፤ ጢማቸውን ጠረጉ። ደንቆሮ ድምፁን አይመጥንምና እንደ ጥሩምባ ጮኸው ጠየቁ።

"ጓንጉል ምስኪኑ ጎተራው ባዶ አልነበረም እንዴ? ይህን የመሰለ ገብስ ማን ሰጣቸው?"

አጠገባቸው የተቀመጠው፣ ያው ሳቁን በሳል የሚውጠው ሰው፣ ጆሯቸው ላይ ተደፋ።

"ሙሴ ወንድይራድ!"

"ማን?"

"ወንድይራድ! በራሱ እጅ፣ በጽዋው ሰፍሮ!"

"ወንድይራድ?" አያ ድንበሩ ሰውየውን በቤቱ ማዶ ፈልገው አገኙት፤ አተኩረው አዩት። "ወንድይራድ ለጓንጉል ቤት? ወድዶ ነው?"

"ሳይወድ ነው!"

"እ?"

"ሳይወድ! ሊጎዳቸው ብሎ ነው!"

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ወንድይራድ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ደብሪቱ ከጋኑ አጠገብ እንደቆመች መቅጃዋን አጥብቃ ይዛለች። አያ ድንበሩ ጥቂት አሰቡ። የሰሙትን በልባቸው አገላብጠው አገላብጠው፣ በጆሮ ያልሰሙትን የሳምንቱን ነገር ሁሉ የደረሱበት መሰሉ። ከዚያ ጽዋውን በሁለት ጆሮው ከፍ አድርገው፣ አያ ጓንጉል ይቀመጡበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ዞሩና፣ አገሩን ሁሉ በሚያሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ "አዬ ጓንጉል፣ አንተስ ዐውቀህ ነበር፤ እግዜር ሲሰጥ በባላንጣ እጅ ይሰፍራል!"